ወንዙን እናውቀዋለን የሚሉ

ፊታውራሪ አንለይ በዓለም ላይ የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር። አንድ ክረምት ከሞላ ወንዝ ዳር ደረሱና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ መንገደኛ የሚያሻግረውን ሰው፣ «መሻገሪያውን ታውቀዋለህ?» አሉት።

ሰውየው የውሃውን ጥልቀት በዱላው እየለካ፣ «ትናንት አውቀው ነበር ጌታዬ፤ ሌሊቱን ግን ሲዘንብ አደረ» አላቸው።

ፊታውራሪ ሳቁበት። «እዚሁ ተወልደህ አላውቅም ትላለህ? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በል ዱላህን ጣልና ተከተለኝ፤ እምቢ ካልክ ትገረፋለህ።»

ሰውየው ዱላውን እንደያዘ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ይህን ወንዝ እናውቀዋለን የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ የሁሉንም ተዝካር በልቻለሁ። እኔም ተከትዬዎት ከገባሁ የእርስዎን ማን ይበላል?»