ሸርጣኗና ሦስቱ ቅሎች

ተረት ተረት! «የወንዝ መሠረት!» ብላችሁ ተቀበሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳም ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ግርጌ ባለ ኩሬ ውስጥ እመት ሸርጣን ትኖር ነበር። ሆዷ ሥር እንቁላሎቿን ታቅፋ የሚፈለፈሉበትን ቀን ትጠብቃለች። ታዲያ አንድ ሰሞን ኩሬው ውስጥ ክፉ ነገር ገባ። ዓሣዎች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ይንሳፈፉ ጀመር። ዛሬ ሁለት፣ ነገ አምስት፣ ከነገ ወዲያ አሥር።

የኩሬው ዳኛ አያ አምባዛ ሪዙን እያወዛወዘ ጉባኤ ጠራ።

«ጥፋተኛው አያ ጉማሬ ነው! እሱ ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ተኝቶ ያቆሽሻል፤ እኛ ከታች እንሞታለን። ይባረር!» አለ።

«ይባረር! ይባረር!» አሉ ዓሣዎቹ።

የአያ ጉማሬ እንባ ኮለል አለ። «ጎበዝ፣ አባቴም አያቴም እዚያው ሲተኙ ኖረዋል። ያኔ ማን ሞተ?» አለ። የሰማው ግን አልነበረም።

እመት ሸርጣን ሆዷን ዳበሰች። «ጉማሬ ሄዶ ሞቱ ባይሄድስ? ልጆቼን ምን ውሃ ላይ ልልቀቃቸው?» ስትል አሰበች። ከዚያም፣

«አያ አምባዛ፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ። ውሃው ራሱ ይመስክር» አለች። ዳኛውም እያጉረመረመ ሰጣት።

ከወንዙ ዳር የተጣሉ ሦስት ቅሎች አገኘች። አንደኛውን ከምንጩ አፍ፣ ሁለተኛውን ከጉማሬ መኝታ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ወረድ ብሎ ልብስ ከሚታጠብበት ድንጋይ ሥር ሞልታ ሦስቱንም ወደ ኩሬው አመጣች።

«እኔ ቀዝቃዛ ያዝኩ» አለ አንደኛው ቅል።

«እኔ ድፍርስ ያዝኩ» አለ ሁለተኛው።

«እኔስ ሆዴን ቆረጠኝ!» አለ ሦስተኛው።

«ማን ገብቶ ይፈትነው?» ብላ ብትጠይቅ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጓደኛዋ ቀንድ አውጣ ብቻ፣ «እኔ እገባለሁ። አንቺ ግን ዓይንሽን ከእኔ ላይ እንዳትነቅዪ» አለቻት።

በመጀመሪያው ቀን ከምንጩ ውሃ ገባች። ቀንዶቿን አወጣች፣ ሸርጣን የጣለችላትን አረንጓዴ ቅጠል ጋጠች። በሁለተኛው ቀን ከጉማሬ ውሃ ገባች። ሸተታት፤ ግን ቀንዶቿን አወጣች፣ እንዲያውም አብልጣ ጋጠች። በሦስተኛው ቀን ከሦስተኛው ቅል ገባች። ገና ከመግባቷ ቀንዶቿን ሰበሰበች፣ ቤቷ ውስጥ ተሸጎጠች፣ ድምፅም አልሰጠች።

እመት ሸርጣን ደነገጠች። ጓደኛዋን አፈፍ አድርጋ አወጣችና ከምንጩ ውሃ ነከረቻት።

«ቀንድሽን አውጪ፣ እህቴ! ቀንድሽን አውጪ!»

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ አንድ ቀንድ ብቅ አለ። ቆይቶ ሁለተኛው። ሸርጣን በደስታ ወዲያና ወዲህ ሮጠች።

አያ አምባዛ ግን፣ «ሦስት ቀን ከቅል ቅል ስትዞር ደክሟት ነው» አለ።

«እርስዎ አልደከመዎትም፤ እስኪ ሪዝዎን ከሦስተኛው ቅል ይንከሩ» አለችው።

ነከረ። «ዋይ! ዋይ! አቃጠለኝ!» እያለ ወደ ኋላው ተፈተለከ። ከዚያ በኋላ ጉማሬ ይባረር የሚል ጠፋ።

እመት ሸርጣን ወደ ማጠቢያው ድንጋይ ወጣች። ትርንጎ የምትባል ሴት በዚያ ሰሞን በጀመረችው እንዶድ ልብስ ታጥባለች፤ አረፋው ወንዙን ይዞ ይወርዳል።

«እሜቴ ትርንጎ፣ የእርስዎ ነጠላ ነጣ፤ የእንዶድዎ እጣቢ ግን እኛን ፈጀን» አለቻትና ያዩትን ሁሉ ነገረቻት።

ትርንጎ እጇን ከአረፋው መዝዛ አወጣች። «ወይ ጉዴ! እድፍ የማጠፋ መስሎኝ ነፍስ ሳጠፋ ከርሜያለሁ? ታዲያ ቆሽሼ ልኑር?»

«ኧረ አይኑሩ! ከወንዙ ራቅ ብለው ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ እጣቢውን አፈር ይጠጣው።»

ትርንጎ ቆፈረች። ጎረቤቶቿንም አስቆፈረች። ዝናብ ዘነበ፣ ወንዙ ሞላ፣ ኩሬውም ታጠበ። ሸርጣን ግን በወሬ አላመነችም፤ ከኩሬው ራሱ አንድ ቅል ሞላች። ቀንድ አውጣ ገባች፣ ቀንዶቿን አወጣች፣ ጋጠች። ያን ጊዜ የተፈለፈሉት ትንንሽ ሸርጣኖች ከእናታቸው ሆድ ሥር ወጥተው በኩሬው ተበተኑ።

አያ አምባዛም ወደ መታጠፊያው ሄዶ፣ «አያ ጉማሬ፣ በድዬሃለሁ» አለ።

ጉማሬም ትልቁን ገላውን ጠጋ አድርጎ በጥላው ቦታ ለቀቀለት።

ወጥ ሳይቀምሱ ጨው የለውም አይባልም፤ ውሃ ሳይፈትኑ በጎረቤት አይፈረድም።

እኔ ተረቴን ከምንጩ ቀዳሁላችሁ፤ እናንተም ሳታደፈርሱ አሳልፉት።