ጠፍር የማይበረክትለት አልጋ

አንድ ጊዜ አንበሳ በጫካው መሀል ሱቅ ከፈተ። ሱቅ ስላችሁ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ በፊት በር የገባች ጥንቸል በጓሮ ስትወጣ ጸጉሯ ሸብቶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ነብርም ሱቅ ነበረው። ሁለቱም ግድግዳቸው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ለጥፈዋል። አንበሳ የነብርን ደንበኞች ሊነጥቅ ፈለገና የራሱን ጽሑፍ ገንጥሎ ጣለ፤ በምትኩ «ያልተስማማዎትን ይመልሱ፣ ሌላ ይውሰዱ» ብሎ ሰቀለ። የሚመለሰውን ዕቃ እንድትቀበል ደግሞ አህያን መስኮት ላይ አስቀመጣት።

አህዪት ሥራዋን ወደደችው። የተሰነጠቀ እንስራ ያመጣ ደህናውን ይዞ፣ መርቋት ይሄዳል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከም ኖራ እስከዚያ ድረስ ማንም መርቋት አያውቅም።

ነገር የተበላሸው ጅብ አልጋ የገዛ ዕለት ነው። አልጋው ደህና እንጨት፣ ጥብቅ ብሎ በበሬ ቆዳ ጠፍር የተጠፈረ ነበር። በማግስቱ ጅብ ባዶውን እንጨት ተሸክሞ መጣ።

«ምን ሆነ፣ አያ ጅቦ?» አለች አህዪት።

«ጠፍር የለውም።»

«ትናንት ነበረው እኮ። ራሴ ነኝ ያሸከምኩህ።»

«እኔ እንጃ። ልተኛ ብል መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ወገቤን ሰብራችሁኛል።» ይህን ሲል ከጥርሶቹ መሀል የጠፍር ቁራጭ ተንጠልጥላ ትወዛወዝ ነበር።

«ከአፍህ የተንጠለጠለውስ?»

ጅብ ግራ ገባውና ወደ ኋላ ዞረ። ከኋላው የተሰለፈችው ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጢሙ ነው» አለች። «ደግሞ እኔ ምስክር ነኝ፤ አልጋው ከዚህ ሲወጣም ጠፍር አልነበረውም። ይልቅ ደንበኛ ማመናጨቁን ተዪና ጽሑፉን አንብቢ።»

አህዪት ሌላ አልጋ ሰጠች። ያም በማግስቱ ራቁቱን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጅብ በመጣ ቁጥር ቀበሮ ከኋላው አለች። ምክሩ የእሷ፣ ሆዱ የእሱ ነበር፤ ለምስክርነቷም ከየአልጋው ድርሻዋን ጠፍር ትቀበላለች። ራቁት አልጋ ተቆልሎ ተቆልሎ ከዋርካው በለጠ፤ ደመና እየተጋጨበት መንገድ ቀየረ ይባላል።

አንበሳ ክምሩን አየና አህዪትን ጠራት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጠፍሩን ጅብ እየበላው ነው፣ ጌታዬ። ቀበሮ ትመሰክርለታለች።»

«ሲበላ አየሽው?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ከእንግዲህ ከዚህ የሚወጣ አልጋ ያለ ጠፍር በዚህ መስኮት ቢመለስ፣ የሚጠፈረው በአንቺ ቆዳ ነው።»

አህዪት መጀመሪያ ፈራች፤ ቀጥሎ ግን ንዴቷ ፍርሃቷን ዋጠው። ጆሮዋ ከመጋሉ የተነሳ ያረፈባት ዝንብ ተጠብሳ ወደቀች። ወደ መስኮቷ ስትመለስ ደግሞ ጅብ ሌላ ባዶ እንጨት ደገፍ ብሎ እያዛጋ ይጠብቃታል።

«ፍጠኚ እንጂ፣ እንቅልፌ መጣ» አላት።

መጋዘን ውስጥ የቀረው አንድ አልጋ ብቻ ነበር። የሱቁ አናጢ ዝንጀሮ ያን ዕለት ጠዋት ውሃ ውስጥ በነከረው ጠፍር የጠፈረው ነው፤ ገና ያንጠባጥባል። አህዪት ጥርሷን ነክሳ አወጣችው። ያም ሆኖ ለማንም ደንበኛ የምትለውን አልደበቀችውም።

«ጠፍሩ እርጥብ ነው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያገኘውንም ጠርንፎ ይይዛል። እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አቁመው፤ እስከዚያ አትንካው።»

ጅብ የሰማው «እርጥብ» የምትለዋን ብቻ ነው። ለካ እስከዛሬ ደረቁን ሲያኝክ መንጋጋውን ያደከመው በከንቱ ኖሯል። ከመንገዱ መታጠፊያ ሳያልፍ ሁሉንም ዋጠው፤ የቀበሮንም ድርሻ አላስቀረም። ከዚያ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተኛ።

የጅብ ሆድ መቼም ምድጃ ነው፣ ድንጋይ ያበስላል። ጠፍሩ እዚያው ደረቀ። ሲደርቅ ተኮማተረ፣ ሲኮማተር አንጀቱን ጠረነፈ፣ የኋላ እግሮቹንም ወደ ፊት ስቦ ዳሌውን ቁልቁል አወረደው። ጅብ እያቃሰተ፣ እየተንፏቀቀ ሱቅ ደረሰ። ቀበሮ ድርሻዋን ልትጠይቅ ከኋላው ትሮጣለች።

«መልሺልኝ» አለ ጅብ።

«አልጋው የታለ?» አለች አህዪት።

«አልጋውን ተዪው፣ ደህና ነው። የምመልሰው ጠፍሩን ነው። አልተስማማኝም።»

«ጠፍሩስ የታለ?»

«ሆዴ ውስጥ ነዋ።»



«ዝም በል፣ አንተ ደንቆሮ» አለች ቀበሮ በጥርሷ መሀል።

«ምን ዝም እላለሁ? ‹ብላ፣ ይመለሳል› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? የፊተኞቹ እንዲህ አላነቁኝም። ይኼኛው ብልሹ ነው።»

አንበሳ ከጓዳ ወጣ። «እመት ቀበሮ» አላት፣ «ምስክር አይደለሽ? እስቲ መስክሪ።»

«እኔ የሳሙና ዋጋ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች። ንግግሯን የጨረሰችው ከነብር ሱቅ በር ላይ ሆና ነው። ጅብን ግን አንበሳ በጥፊ አላጋው፤ እስከ ዛሬም ያ ዳሌው ቀና አላለም።

አህዪት ቆዳዋ ተረፈላት። እፎይ ልትል ስትል ግን አንበሳ አዲሱን ጽሑፍ ቦጭቆ የድሮውን መልሶ ሲሰቅል አየችው፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ቀጣዩ ተረኛ ኤሊ ነበር። የገዛውን እንስራ በጀርባው አዝሎ፣ በበጋ ከቤቱ ተነስቶ በክረምት የደረሰ ሽማግሌ ነው።

«ልጄ» አላት፣ «ይኼ እንስራ ያፈሳል። ውሃ ይዤበት ቤት ሳልደርስ ያልቃል።»

አህዪት እንስራውን አገላብጣ አየችው። ስንጥቁ ሲሠራ የተሰነጠቀው ነው፤ ጭቃው ራሱ ይናገራል። ወደ አንበሳ ዞረች።

«ጌታዬ፣ የእሳቸው እውነት ነው።»

«የጅብም እውነት ነው ተብሎ ነበር» አለ አንበሳ ቀና ሳይል።

እንስራውን መልሳ ኤሊው ጀርባ ላይ አዘለችለት።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ ኤሊ።

«እርስዎ አይደሉም፣ አባባ። ከፊትዎ የነበረው ነው።»

ኤሊ በመጣበት መንገድ፣ በዚያው እርምጃው ተመለሰ። አህዪት ለቆዳዋ ስትሰጋ ያልጮኸችውን ያን ጊዜ ጮኸች። ከንዴቷ ብዛት ጩኸቷ ከጫካው አልፎ፣ ሰባት ወንዝ ተሻግሮ፣ የጅብን ዋሻ አነቃነቀው። ዛሬም አህያ ያለ ምክንያት ስታናፋ ከሰማችሁ፣ ያ ሽማግሌ ትዝ ብሏት ነው።

ከዚህ የምንማረው አጭበርባሪ የሚዘርፈው ባለ ሱቁን ብቻ ሳይሆን፣ እውነቱን ይዞ ከኋላው የተሰለፈውን ምስኪን ጭምር መሆኑን ነው።