የፊታውራሪ ጓንጉል ንግግርና ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች

ፊታውራሪ ጓንጉል በቴፕ ያስቀረጹትን የራሳቸውን ንግግር በየእሑዱ ሳሎናቸው ውስጥ ለጎረቤት ያሰሙ ነበር። እንግዶቹም ከልባቸው ያዳምጡ ነበር፤ የለም፣ ተሳሳትኩ፣ ከልባቸው ያንቀላፉ ነበር። ፊታውራሪ ጥፋቱን በቴፑ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ላይ አላክከው፣ አንዴ ከመስኮቱ ሥር፣ አንዴ ከቁም ሣጥኑ ላይ ቢያስቀምጧቸው ማንኮራፋቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። በመጨረሻ በግቢያቸው ተከራይቶ የሚኖረውን ምላሰኛ ልብስ ሰፊ አስጠሩ።

«አንተ! ለእነዚህ ማጉያዎች ሰው ነቅቶ የሚያዳምጥበትን ቦታ ፈልግላቸው። ካላገኘህ ነገ ቤቴን ትለቃለህ!»

ልብስ ሰፊው ልጆቹን ይዞ የት እንደሚገባ ጨነቀው። ቴፑ ሲከፈት ግን ፊታውራሪ እንደ ልማዳቸው ከገዛ ድምፃቸው ጋር እየተሻሙ ንግግሩን ማብራራት ጀመሩ። ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊው ማጉያዎቹን አንሥቶ ከወንበራቸው ግራና ቀኝ፣ ከጆሯቸው ሥር አቆማቸው።

«ምነው ወደ እኔ? እንግዶቹስ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ጌታዬ፣ እንግዶቹማ ሰምተው ነው የተኙት። እስከ ዛሬ ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። አንዴ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ይስሙትና፣ ቤቱን ቀድሞ የሚለቀው ማን እንደሆነ እናያለን።»