ገበያ የተካፈለው የራጃ ስም

አንድ ራጃ በህንድ አገር ነበረ፤ ግዛቱ በዝሆን ቢዞሩት ከቁርስ እስከ ምሳ የሚያልቅ። ስሙ ግን የአባቶቹ ማዕረግ ሁሉ ስለተቀጠለበት አዋጅ ነጋሪውን ትንፋሽ ያሳጥረው ነበር። በነገሠ በሦስተኛው ዓመት በስሙ የተመታውን የብር ሳንቲም አገላብጦ ሲያይ ደሙ ፈላ። አንዱ ላይ ግማሽ ማዕረግ፣ ሌላው ላይ ሁለት ፊደል ብቻ! ወዲያው የሳንቲሙን ማተሚያ ብረት የሚቀርጸውን ሽማግሌ፣ ጎካልን አስጠራ።

«ስሜን ማን በላው?» አለው።

ጎካል እጅ ነሥቶ አስረዳ። በአገሩ ወግ የንጉሡ ስም አንድም ማዕረግ ሳይቀር መዳፍ በሚያህል ብረት ላይ ይቀረጻል። ብሩ ግን ጥቂት ስለሆነ ሳንቲሙ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። እናም መዶሻው ሲያርፍ እያንዳንዱ ሳንቲም የደረሰውን ቁራጭ ብቻ ይዞ ይወጣል።

«ጌታዬ፣ ስምዎ አልጎደለም፤ አገር ተካፍሎት ነው» አለ።

«እንግዲያው እስከ ነገ ፀሐይ መጥለቂያ ከሳንቲሞቹ ሰብስበህ ሙሉውን አሳየኝ። አንዲት ፊደል ብትጎድል ያ የምትቀርጽበት እጅህ ይቆረጣል!»

ወይ ጣጣ! ሳንቲሙ በሰው መቀነት ሁሉ ተበትኖ ከየት ይሰበሰባል? ጎካል በማግሥቱ ማለዳ ቤተ መንግሥቱ ደጅ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ዘረጋና ገበያተኛውን ይለምን ጀመር።

«ወገኖቼ፣ እጄን አትርፉልኝ! ያላችሁን አውሱኝ፤ ማታ መልሳችሁ ትወስዳላችሁ።»

ሰው መጣ። ሸማኔው መጣ፣ ሸክላ ሠሪዋ መጣች፣ ግመል ነጂው ከልብሱ ጫፍ ቋጠሮውን ፈታ። ጎካል ፊደሉን በፊደል እያስከተለ ደረደረ። ራጃው መጀመሪያ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ያፌዝ ነበር። ማዕረጎቹ አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ሲነሡ ግን ፌዙ ጠፋና ወርዶ ቆመ። አባቱም አያቱም እንዲህ ያለ ነገር አላዩም።

የስሙ የመጨረሻ ፊደል ግን ጠፋች። ከብረቱ ጠርዝ ላይ ስለሆነች ሳንቲም እምብዛም አያገኛትም። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ጎካል ቀኝ እጁን በግራው ጥብቅ አድርጎ ይዞ አለቀሰ።

ያን ጊዜ አንዲት ጨው ሻጭ አሮጊት ከኋላ ድምፅ አሰማች።

«እኔ ጋ አንዲት አለች። በስቼ አንገቴ ላይ አስሬያታለሁ። የንጉሥ ስም የበሳ ይገረፋል ሲባል ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ሟች ልጄ የሰጠችኝ ናት፤ አውልቄያት አላውቅም።»

ራጃው በሰው መካከል አልፎ ሄደና ፊቷ ቆመ። በዕድሜው ለማንም ዘርግቶት የማያውቀውን እጁን ዘረጋ።

«እናቴ፣ ስሜን ታውሺኛለሽ?»

«ይመልሱልኛል?»

«በአባቴ እምላለሁ!»

አሮጊቷ ክሩን ፈታች። ጎካል ሳንቲሟን ከቦታዋ አኖራት። ስሙ ሞላ! ቀዩ የምሽት ብርሃን ብሩ ላይ አርፎ ነበር፤ አንዱ ሳንቲም በላብ ወይቧል፣ አንዱ በዘይት ጠቁሯል፣ አንዷ ተበስታለች። ራጃው ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። ስሙን በሕይወቱ ሙሉ ሲጠራ የሰማ ሰው፣ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ገና ያን ቀን አወቀ። ከጨርቁ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የብረቱን ስፋት እንዳትነካው፤ ስሜን አገር ይካፈለው» አለ ጎካልን፣ ያንኑ ሊቆርጠው የነበረውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ። «አሁን ለሁሉም የየራሱን መልስ።»

የጨው ሻጯን ሳንቲም ግን ራሱ አንሥቶ ክሩን አንገቷ ላይ አሰረላት።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ስማችንን ብቻችንን ተሸክመን የምንዞር ይመስለናል። ሙሉ ስማችን ያለው ግን ካበላን፣ ካኖረን፣ ከታገሠን ሰው ሁሉ እጅ ነው፤ ማንም ሳይለምን አይሰበስበውም። የእናንተ ስም የመጨረሻ ፊደል በማን አንገት ላይ ታስራ ይሆን? ሄዳችሁስ «ታውሱኛላችሁ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ?