ጦይባና ከመጋዘን ያልወጣው ስዊች

ተረት ይዤ መጣሁ፤ ሥራ የፈታ ቁጭ ይበል፣ ሥራ ያለው ቆሞ ይስማ።

ደሴ ውስጥ፣ በአንድ የሙያ ኮሌጅ፣ ጦይባ የምትባል የሬጅስትራር ሠራተኛ ነበረች። ጦይባ የመጀመሪያ ደረጃ የኔትወርክ ፈተና ልትፈተን ተመዝግባለች። ካለፈች ቴክኒሻን ትሆናለች፤ ከወደቀች በዚያችው መስኮት ትራንስክሪፕት ስታድል ታረጃለች። የቀሯት ዘጠኝ ቀናት ናቸው። የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ሸምድዳለች፤ "አርባ ሁለተኛው?" ቢሏት "መልሱ ሐ" ትላለች፣ ጥያቄው ምን እንደሚል ግን አትጠይቋት። እጇ አንድም ቀን ስዊች ነክቶ አያውቅም። ስዊች ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን ነው፤ ፈተናው ደግሞ አዋቅሪው ይላል። እናም ጦይባ አንድ ነገር ፈለገች፤ ስዊች፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ።

ስዊቹ መጋዘን ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እንድሪስ ዘንድ ነው።

"እንድሪስ፣ እስቲ ስዊቹን አውሰኝ።"

"ያለ ወረቀት? ልታሳስሪኝ ነው እንዴ?"

ስዊቹ ያለ እንድሪስ አልወጣም አለ፤ እንድሪስ ያለ ወረቀት አልሰጥም አለ። ጦይባ ወረቀት ፍለጋ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ደብሪቱ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ።

"ይሄማ በጋሽ ሙሄ ስም ነው ያለው፣ ልጄ። እሳቸው ሳያስረክቡ እኔ ምን ብዬ እፈርማለሁ?"

ስዊቹ ያለ እንድሪስ አልወጣም አለ፤ እንድሪስ ያለ ወረቀት አልሰጥም አለ፤ ወረቀቱ ያለ ፊርማ አልሞላም አለ፤ ደብሪቱ ያለ ርክክብ አልፈርምም አሉ። ጦይባ እየተነጫነጨች ጋሽ ሙሄን ፍለጋ ወጣች።

ጋሽ ሙሄን ማግኘት አያስቸግርም። የኮሌጁ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ወደ ወልዲያ የዝውውር ደብዳቤ ከደረሳቸው ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ስላላስረከቡ አይሄዱም፣ ዕቃው ስለታሸገም አይሠሩም፤ ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ዝውውሩን የጠየቁት ባለቤታቸው ወልዲያ ታመው ስለተኙ ነበር። እኚያ ሴት ባለፈው ጥር ሞቱ። ጋሽ ሙሄ የደረሱት ለቀብሩ ነው።

"ጋሽ ሙሄ፣ እባክዎ ስዊቹን ያስረክቡልኝ፤ ፈተና ደርሶብኛል።"

"ባስረክብ በወደድኩ። በስሜ ካለው ዕቃ አንድ ጎደለ፤ ሙሉ ካልሆነ ደግሞ አይቀበሉኝም።"

"ምንድነው የጎደለው?"

"የገመድ መሞከሪያዋ።"

"ለማን ሰጥተዋት ነበር?"

ጋሽ ሙሄ ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። "እንጃ፣ ዘነጋሁት" አሉ።

ስዊቹ ያለ እንድሪስ አልወጣም አለ፤ እንድሪስ ያለ ወረቀት አልሰጥም አለ፤ ወረቀቱ ያለ ፊርማ አልሞላም አለ፤ ደብሪቱ ያለ ርክክብ አልፈርምም አሉ፤ ርክክቡ ያለ ጋሽ ሙሄ አልጀመርም አለ፤ ጋሽ ሙሄ ያለ መሞከሪያዋ አላስረክብም አሉ፤ መሞከሪያዋ ደግሞ ያለሁበትን አልናገርም አለች። ጦይባም ተስፋ ቆርጣ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ስዊቹ ቢቀር ገመድ እንኳ ልሥራ ብላ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተች። ከሦስት ዓመት በፊት ለዚሁ ፈተና ማጥናት ጀምራ ነበር። ያኔ ጋሽ ሙሄ "መጀመሪያ ገመዱን በእጅሽ ሥሪ፤ ከዚያ የኮምፒውተሮቹን አድራሻ በወረቀት ላይ ከፋፍዪ፤ ከዚያ ስዊቹን አዋቅሪ፤ ጥያቄና መልሱ መጨረሻ ላይ ይምጣ" ብለው በትዕግሥት አስረድተዋት ነበር። እሷ ሳምንት ሠርታ ሰለቻት። ካርቶኑ ውስጥ ያ የሳምንቱ ደብተር አለ፣ ቁርጥራጭ ገመድ አለ፣ ከገመዱም ሥር መሞከሪያዋ አለች።

ጦይባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በቃል ብቻ ነበር የተዋሰቻት፤ ወረቀት አልተጻፈም። አምና በምዝገባ ሰሞን ጋሽ ሙሄ መስኮቷ ድረስ መጥተው "ጦይባ፣ ያቺ መሞከሪያ አንቺ ዘንድ ትሆን እንዴ?" ብለዋት ነበር። ቀና እንኳ ሳትል "መልሼልዎታለሁ እኮ" አለቻቸው። እሳቸውም "እሺ፣ ይቅርታ" ብለው ሄዱ። በጥር ደግሞ ለቅሶ ሄዳ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ "አላህ ያጽናዎት" ብላቸዋለች። ይህን ስታስብ ካርቶኑን አቅፋ አለቀሰች። እንዲህ የቆጫት ነገር ኖሮ አያውቅም።

ሰኞ መሞከሪያዋን ይዛ አግዳሚው ዘንድ ሄደች። እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ጋሽ ሙሄ መብራቷን አብርተው አጠፉ።

"ትሠራለች" አሉ።

"እኔ ዘንድ እንደነበረች ያውቁ ነበር?"

"እጠረጥር ነበር።"

"ታዲያ ስሜን ለምን አልሰጡም?"

"መለስኩ አልሽ። ወረቀት የለኝ፤ የሰው ልጅ ዋሽታለች ልበል?"

ይኸው፣ መሞከሪያዋ ለጋሽ ሙሄ ተመለሰች፤ ጋሽ ሙሄ አስረከቡ፤ ርክክቡ ሞላ፤ ደብሪቱ ፈረሙ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ እንድሪስ ከፈተ፤ ስዊቹም ወጣ። ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ የኖረው ሁሉ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ተፈታ። የዝውውሩ መልቀቂያም በዚያው ቀን ተጽፎ ጋሽ ሙሄ ኪስ ገባ።

ጦይባ ስዊቹን ታቅፋ ከመጋዘኑ ስትወጣ ጋሽ ሙሄን በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ሙሄ። በሉ አሁን ይሂዱ፣ የወልዲያው መኪና ሳያመልጥዎ።"

ጋሽ ሙሄ ስዊቹን ከእቅፏ ተቀበሏት።

"አሁንማ ማን ይጠብቀኛል ብዬ እቸኩላለሁ? ነይ፣ ለፈተናሽ ላድርስሽና እሄዳለሁ።"

ሳምንቱን ሙሉ አስተማሯት፤ እሷም አለፈች።

ተረቴን አስረክቤያለሁ፤ የተረከበ ይፈርምልኝ፤ መልሻለሁ ያለ ሁሉ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ይፈትሽ።