የጃርት ንድፍና የሚዳቋ ግልባጭ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ጆሮ የሌለው ከባልንጀራው ይዋስ።

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በየደጃቸው ስክሪን ያቆሙበት ዘመን ነበር። ስክሪን ማለት የተጻፈለትን አንብቦ እንደተባለው የሚሆን መስታወት ነው። «ከላይ ስም ይሁን» ካሉት ስም ይሆናል፤ «ከታች ቀይ ይሁን» ካሉት ቀይ ይሆናል። የሚፈልጉትን መንገር ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚሆን እሱ ያውቃል።

በአንድ ወንዝ ዳር እመት ጃርት የምትባል ጸሐፊ ነበረች። ለመንደሩ ሁሉ የሚሆን አንድ ንድፍ ጻፈች። ከላይ የቤቱ ስም፣ ከታች የወንዙ ማስጠንቀቂያ፤ መሐሉን ባዶ ተወችው። ማስጠንቀቂያው «ወንዙ ሲሞላ ወደ ዋርካው ሽሹ» ይላል። የየቤቱ ስክሪን ይህንኑ አንድ ንድፍ እያነበበ ያሳያል።

መጀመሪያ አያ ከርከሮ መጣ። «እኔ የምወደው የጭቃ ቀለም ነው» አለና የጋራውን ንድፍ ራሱን ለወጠው። በማግሥቱ የመንደሩ ስክሪን ሁሉ ጭቃ ለበሰ፤ ማስጠንቀቂያውም አልነበብ አለ። እመት ጃርት እሾኋን አቁማ ወደ ነበረበት መለሰችውና፣ «የጋራ ነው፤ ለራስህ ስትል አትንካው» አለችው።

ቀጥላ እሜቴ ሚዳቋ መጣች። አንድ ግልገል ያላት፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የምትደነግጥ እናት ናት። የጭቃው ነገር አስፈርቷታል።

«እመት ጃርት፣ ንድፉን ገልብጬ ለብቻዬ ልያዘው።»

«ገልብጠሽ ከወሰድሽ፣ እኔ እዚህ የማስተካክለው እዚያ አይደርስሽም።»

«ከርከሮ የሚያበላሸውም አይደርሰኝማ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ጃርት። ሚዳቋም ገልብጣ ሄደች፤ ልቧም አረፈ።

በመጨረሻ እትዬ ጅግራ መጣች። «የጋራው እንዳለ ይሁንልኝ፤ ባዶው መሐል ላይ ብቻ የጫጩቶቼን ስም ልጨምር» አለች።

«ጨምሪ፤ መሐሉን የተውኩት ለዚሁ ነው» አለቻት ጃርት።

ክረምት ገባ። ጎርፍ የዋርካውን ሥር እየቦረቦረ በላው። እመት ጃርት ይህን አይታ በጋራው ንድፍ ላይ አንዲት ቃል ለወጠች፤ «ወደ ዋርካው» የሚለው «ወደ ኮረብታው» ሆነ። የጅግራ ስክሪን ተለወጠ፤ የከርከሮም ተለወጠ። የሚዳቋ ግን እንደነበረ ቀረ። ጃርትም የሚዳቋን ግልባጭ ረስታ፣ ወሬው ለሁሉም የደረሰ መስሏት ወደ ጉድጓዷ ገባች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ወንዙ አገሳ። ሚዳቋ ወደ ስክሪኗ ሮጠች።

«ወዴት ልሽሽ?»

«ወደ ዋርካው» አላት ስክሪኑ።

«ሌሎቹ እኮ ወደ ኮረብታው ሲሮጡ አያለሁ።»

«እኔ የተጻፈልኝን ነው የምናገረው፤ ከዚያ ወዲህ የነገረኝ የለም።»

ሚዳቋም ራሷ በገለበጠችው ተማምና ከነግልገሏ ወደ ዋርካው ሮጠች። ስትደርስ ዛፉ አዘንብሏል፤ ውሃውም ከኋላዋ ዞሮ መንገዱን ቆርጦታል። ግልገሉ እግሯ ሥር ተሸጎጠ።

ጅግራ ከኮረብታው ላይ አየቻት። በርራ መጣችና «በዚያ በኩል ጥልቅ ነው፤ በድንጋዮቹ በኩል ነይ» እያለች ከፊት ከፊቷ መራቻት። ከርከሮም ውሃው ውስጥ ገብቶ ግልገሉን በጎኑ ደገፈው። ተሻገሩ። የግልገሉ አንድ እግር ግን በድንጋይ መሐል ተሰብሮ፣ እያነከሰ ቀረ።

ውሃው ሲጎድል ሚዳቋ ጃርት ዘንድ ሄደች።

«ከመጥፎው እሸሻለሁ ብዬ ከመልካሙም ሸሸሁ» አለች።

ጃርትም መለሰችላት። «እኔም መሐሉን ባዶ ተውኩልሽ እንጂ ለፍርሃትሽ መላ አላበጀሁለትም። ካሁን ወዲያ የጋራውን ማንም መንደሩን ሳያማክር አይለውጥም፤ እኔም ብሆን።»

ሚዳቋ ግልባጩን አጠፋችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የጋራው እንዳለ ይሁን፤ መሐሉ ላይ የልጄ ስም ይጨመር።»

የጋራውን የቧጨረ ሁሉን ያውካል፤ ከጋራው የተገነጠለ ብቻውን ይቀራል፤ በጋራው ላይ የቀጠለ ግን ከነልጆቹ ይሻገራል። እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ አክላችሁበት ንገሩ።