ድንቹ ካልወጣ የማይገባው ጎማ

ነገር ነገርን ይጎትታል፤ እንዴት እንደጎተተ ስሙኝ።

ከደብረ ታቦር ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ምንይችል የሚባል ሹፌር ነበር። ሰኔ ሲገባ የመኪናውን የበጋ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ይፈታል፤ ዝናብ እንዳያበላሻቸው እትዬ ጠጄ መጋዘን ያስቀምጣል፤ እዚያው የቆዩትን የጭቃ ጎማዎች አውጥቶ ያስራል። ዘንድሮ ቢሄድ ግን መጋዘኑን እስከ በሩ ድንች ሞልቶታል። የጭቃው ጎማም ከድንቹ ጀርባ ቀርቷል።

እትዬ ጠጄ ድንቹ የገበሬው የተሻገር ዘር እንደሆነ፣ እሱ ሳያነሳው እንደማይነኩት ነገሩት። ድንቹ ካልወጣ ጎማው አይገባም።

ወደ ገበሬው ወደ ተሻገር ሄደ። ተሻገር ድንቹን ቤቱ ቢያስገባ አይጠላም፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል፣ ዘሩ ይበሰብስበታል። ጣሪያው ካልተጠገነ ድንቹ አይወጣም፤ ድንቹ ካልወጣ ጎማው አይገባም።

ወደ አናጢው ወደ ይርሳው ሄደ። ይርሳው ምስማሩም ቆርቆሮውም አለው፤ መሰላሉን ግን እትዬ ፈንታነሽ ተውሰውታል። መሰላሉ ካልመጣ ጣሪያው አይጠገንም፤ ጣሪያው ካልተጠገነ ድንቹ አይወጣም፤ ድንቹ ካልወጣ ጎማው አይገባም።

ወደ እትዬ ፈንታነሽ ሄደ። እሳቸው ደግሞ ያዘመመ ግድግዳቸውን በመሰላሉ ደግፈውታል። ከግድግዳው ሥር ልጃቸው ጥሩዓለም ተኝታለች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀኗም ደርሷል። ግድግዳው ካልቆመ መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ጣሪያው አይጠገንም፤ ጣሪያው ካልተጠገነ ድንቹ አይወጣም፤ ድንቹ ካልወጣ ጎማው አይገባም።

ምንይችል ሰማዩን አየ። ተራራው ላይ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ምጧ ሲመጣ ሆስፒታል ማን ሊወስዳት ነው?»

«አንተ ነሃ። ሌላ ማን አለን?»

«በበጋ ጎማ አቀበቱን አልወጣም። ጭቃው መሃል ይዣት እቀራለሁ።»

እትዬ ፈንታነሽ ልጃቸውን ደግፈው ጎረቤት ቤት አስገቧትና ተመለሱ።

«ውሰደው። ግድግዳው ከወደቀ ይውደቅ፤ ልጄ ትትረፍልኝ።»

መሰላሉ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተናደ፤ ሥሩ ግን ማንም አልነበረም። መሰላሉ ሲመጣ ጣሪያው ተጠገነ፤ ጣሪያው ሲጠገን ድንቹ ወጣ፤ ድንቹ ሲወጣ የበጋው ጎማ ገብቶ ደረቅ ሳንቃ ላይ ተደረደረ፤ የጭቃው ጎማም ወጥቶ ታሰረ።

በማግስቱ ዶፍ ወረደ፤ ጥሩዓለምንም ምጥ ያዛት። መኪናው አቀበቱ ላይ አንዴ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ጎማው ጭቃውን ነከሰና ወጣ። እትዬ ፈንታነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሱ።

ሴቶቹ ገቡ። ምንይችል ግን መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። በመስኮቱ የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ ነው እጁ የላላው።

ወሬዬ በዚህ አበቃ፤ የክረምቱን መንገድ ለሁላችን ያቅናልን።